ማስተካከያ፦ ለቅዳሜና እሁድ የማሰላሰል ቆይታ ዝግጅት

በእንግሊዝ ሀርትፈርድሺር ገጠር ወደሚገኘው የአማራቫቲ ቡድሂስት ገዳም ለሚሄዱ በወጣው የዝግጅት ዝርዝር ውስጥ «ለእራት የሚሆን ስንቅ ይያዝ» የሚለው ይሰረዝ። ተሳታፊዎች ስምንቱን ሥርዓቶች (ቡድሂስቶች በእንዲህ ያለ ቆይታ የሚይዟቸውን ስምንት የሥነ ምግባር ደንቦች) ስለሚጠብቁ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ አይበላም። እኛ ከለመድነው ጾም ተቃራኒ ነውና ልብ ይበሉ፤ ጠዋት ተበልቶ ከቀትር በኋላ ይጾማል። ሻይ ይፈቀዳል። ማታ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ሲመዘገብ ይናገር እንጂ ሰዓቱን በራሱ አይቀይር።

«ትራሱ ከጀርባ ይደረግ» የተባለውም ይታረም። ለማሰላሰል መሬት ላይ ሲቀመጡ ትራሱ የሚገባው ከመቀመጫ ሥር ነው። ጠርዙ ላይ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ተቀምጦ ጉልበቶች ከዳሌ ዝቅ ብለው ምንጣፉን ሲነኩ ወገብ ያለ ትግል ይቃናል። ጉልበት አየር ላይ ከቀረ ግን ዳሌ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጀርባ ይጎብጣል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያኔ የታጠፈ ብርድ ልብስ ደርቦ ከፍ ማለት፣ ካልሆነም ወንበር መያዝ ነው፤ ወንበር ምንም ነውር የለበትም።

«ቡና ዓርብ ማታ ይቁም» የሚለው በተለይ ለእኛ ቡና ወዳዶች አይበጅም። በድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር ቅዳሜን ሙሉ ያበላሻል። በቀን ሦስት ሲኒ የሚጠጣ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንስ።