ቡፌው የማን ነው?

ሰርጉ አለቀ፤ መልሱም አለቀ። በቅልቅሉ ዕለት ሁለቱ ቤተሰቦች ጠጁን ጠጥተው፣ አብረው ጨፍረው ተለያዩ። ዋናው ቅልቅል የሚጀምረው ግን አይሱዙው የሁለት ቤት ዕቃ ጭኖ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲቆም ነው።

ሙሽሮቹ የገቡት አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ ቤት ነው። ሊፍት የለም። ጫኝና አውራጆቹ መጀመሪያ ባለመስታወቱን ቡፌ አዩ፤ ቀጥለው ደረጃውን አዩ፤ ከዚያ ዋጋ እንደ አዲስ ተጀመረ። (እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። የሚጎተተውን ሁሉ እሰማለሁ።)

ሁለት ፍሪጅ፣ ሁለት ቲቪ፣ ሁለት አልጋ፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ። ሦስተኛው ምጣድ ከየት እንደመጣ ሁለቱም አያውቁም።

«አንድ አንዱን እናውጣ» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ የዕቃው ባለቤት እዚያ ቤት የማይኖር መሆኑ ነው። ቡፌውን የሰጡት የእሱ አክስት ናቸው። በየበዓሉ ይመጣሉ፤ ገና ሲገቡ ከልጁ በፊት ሰላም የሚሉት ቡፌውን ነው። መሶቡን የእሷ እናት በእጃቸው ሰፍተውታል። ብርድ ልብሱ ደግሞ የክርስትና እናት አለው። ስለዚህ ምንም አይወጣም፤ በእንግዳ ተራ ይዞራል እንጂ። አክስት ሲመጡ ቡፌው መሃል ቤት ይቆማል፣ መሶቡ አልጋ ስር ይገባል። እናት ሲመጡ መሶቡ ይነግሣል፣ ቡፌው ኮሪደር ላይ ይሰደዳል። ሁለቱ በአንድ ቀን የመጡ ለት እንግዳ የተቀመጠው አልጋ ላይ ነው።

ሕጉስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ ሰው ሲጋባ በእጁ የነበረው ንብረት የግሉ ነው፤ የግል መሆኑ ያልተረጋገጠው ግን የጋራ ተደርጎ ይቆጠራል። ደህና ሕግ ነው። ሦስተኛው ምጣድ በዚሁ መሠረት የጋራ ሀብት ሆኗል።

ቅዳሜ ጠዋት ከታች «ልዋጭ!» ሲባል ሙሽሪት የእሱን የተማሪነት ጃኬት ይዛ ወረደች፤ ሰማያዊ ሳፋ ይዛ ተመለሰች። ሳፋ ሦስት ነበራቸው፣ አራት ሆነ። ከሰዓት «ቆራሌው!» ሲባል ተራው የእሱ ነበር። የእሷ የተቃጠለ ስቶቭ ወደ ምናለሽ ተራ ሄደ። ቆራሌው ቢያንስ ብር ነው የሚሰጠው፤ ብር ደግሞ ቦታ አይይዝም። ማታ ስለ ጃኬቱና ስለ ስቶቩ የተባባሉትን አልጽፈውም።

ያልተጣሉበት ዕቃ ጄሪካን ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን በዛ የሚል የለም። እንዲያውም ሽማግሌ ሲላክ «ልጁ ስንት ጄሪካን አለው?» ተብሎ አለመጠየቁ ይገርመኛል።

ትናንት የእሱ እናት ደውለው ነበር። ቤቱ ባዶ እንዳይሆንባቸው ብለው ኤልሼፕ ሶፋ ገዝተዋል።