ለኮሌጅ ሠራተኞች ስለተሰጠው ዕውቅና በወጣው ጽሑፍ ላይ የተደረገ ማስተካከያ

ደሴ የሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለአሠልጣኞቹና ለአስተዳደር ሠራተኞቹ ስለሰጠው ዕውቅና ባለፈው ሳምንት ባወጣነው ጽሑፍ፣ የተሰበረውን የቶርኖ (የብረት መቅረጫ) ማሽን ጥርስ በወርክሾፑ ቀርጾ የተካው አንድ አሠልጣኝ ብቻውን እንደሆነ መግለጻችን ስህተት ነበር። ሥራው የተሠራው በጋራ ነው፤ ከወደቀው የብረት ክምር ውስጥ ተስማሚውን መርጠው ያቀረቡትና አሮጌውን ጥርስ ለመለኪያ እንዲሆን ሳይጥሉ ያቆዩት የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ሲሆኑ፣ ምስክር ወረቀቱም የተሰጠው ለሁለቱም ነው። ይባስ ብሎ በፎቶግራፉ ግራ ጫፍ ሰማያዊ ጋዋን ለብሰው የሚታዩትን እኚህኑ ሠራተኛ «የዕለቱ እንግዳ» ብለናቸዋል፤ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ስላደረግናቸው ይቅርታ እንጠይቃለን።

በተጨማሪም ተሸላሚዎቹ «የደረጃ ዕድገት አገኙ» ያልነው ትክክል አይደለም። የተሰጣቸው የምስጋና ምስክር ወረቀት ነው፤ ዕድገት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ መደብ ወጥቶ፣ ሠራተኞች ተወዳድረውና የሥራ አፈጻጸማቸው ታይቶ የሚገኝ በመሆኑ በመድረክ ላይ የሚታደል ነገር አይደለም።

ኮሌጁ ለሠልጣኞች «የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሰጠ» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ይታረም። ኮሌጁ ያሠለጥናል፤ የሙያ ብቃት ምዘናውን የሚያካሂደውና ማረጋገጫውን የሚሰጠው ግን ከማሠልጠኛ ተቋሙ የተለየ አካል ነው።

በዚያው ጽሑፍ የጠቀስነው የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ሠልጣኞች በድርጅቶች ውስጥ በሥራ ላይ የሚያደርጉት ልምምድ፣ ቦታውም ደሴ ሳይሆን ኮምቦልቻ ነው።