እርማት፦ ብርማ ቀለም ስለደራረቡ ፕላስቲክ ብረት አይመስልም

ወንድሜ፣ «የፕላስቲክ ሞዴል (ትንሽ የመኪና ወይም የታንክ አምሳያ) ብረት እንዲመስል ብርማውን ስፕሬይ ሦስት አራት ጊዜ ደራርቡበት፣ በላዩ ቫርኒሽ ቀቡት» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ጀማሪ ከሰማህ የሳምንት ልፋቱ ይበላሻል፤ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ብርማ ቀለም ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የአሉሚኒየም ብናኝ ነው። ብናኙ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲተኛ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ብረት የሚመስለው ያኔ ነው። በወፍራሙ ሲቀባ ግን ይዘበራረቃል፣ ብርሃኑም ይበተናል፤ የሚቀርህ ግራጫ ነው።

ዋናው ሥራ ከሥር ያለው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ነው። በደንብ ከደረቀ በኋላ ጥፍርህን አስጠግተህ እየው። የጥፍርህ ጠርዝ ጥቁሩ ላይ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ካልታየህ ብርማውን ለመንፋት አትቸኩል፤ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አለስልሰህ እንደገና ቀባ። ከዚያ አልክላድ የሚባለውን የሞዴል ቀለም ክሮም (እንደ መስታወት የሚያበራውን ብርማ) በኤርብራሽ፣ ማለትም በአየር ግፊት በሚሠራ ትንሽ ቀለም መንፊያ፣ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በሆነ ግፊት፣ ስስ አድርገህ ንፋበት። ጥቁሩ ጨርሶ ሳይሸፈን አቁም። ቫርኒሽ ደግሞ ክሮሙን ያደበዝዘዋል እንጂ አያደምቀውም።

ዕቃው ሬዚን (ፈሳሹ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምሮ የሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር) ከሆነ አስቀድመህ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠበው፤ ሲሠራ ከቅርጽ ማውጫው ጋር እንዳይጣበቅ የተቀባው ቅባት ቀለም አያስይዝም።

ለሞዴሉ ጠመንጃ አፈሙዝማ ብርማም አያስፈልግህም። የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀባና የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ (ግራፋይት) በጣትህ እሸው፤ ጠርዞቹ ብቻ ሲያበሩ እጅ የበዛበት ብረት ይመስላል።