ብራይትነስ እስከ ጥግ

የስልካቸውን ብራይትነስ፣ ማለትም የስክሪኑን ብርሃን፣ እስከ ጥግ ገፍተው የሚኖሩ ሰዎች እኮ በሀዋሳ ከተማ ምስጋና ተነፍገዋል። ከሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሳው መኪና ሻሸመኔን ሲያልፍ ይመሽና፣ ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ ሸለብ ሊያደርገው ሲል የኛ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ በቃ ነጋ። ከኋላ ያለው ሕፃን ተነስቶ ያለቅሳል፣ ሹፌሩ ከኋላው ረጅም መብራት ያበራ መኪና የመጣ መስሎት ጠርዝ ይይዛል፣ እሱ ግን ማንንም ሳያዳላ ለሀዋሳም ለሻሸመኔም ሰው እኩል ያበራል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር እንዲህ ያለ ጎረቤት ማግኘት መታደል አይደለም?

ቀን ቀን ፍቅር ሐይቅ ዳር ፀሐዩ አናት ሲበሳ ብራይትነሱን መሙላቱን ማንም ይረዳዋል፣ ካልሞላ ምንም አይታይም። ጀግንነቱ ማታ ነው። አብዛኛው ስልክ ከፊት ካሜራው አካባቢ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር አለው፣ አውቶ ብራይትነሱን ካበራኸው ሲጨልም ራሱ ይቀንሳል፣ ጭራሽ በፈረንጆቹ 2018 የወጣው አንድሮይድ 9 አንተ ስትጨምር ስትቀንስ እያየ ልማድህን ይማራል። ከኛ ሰው ምን ይማር? ያው ጥግ ነው። ለነገሩ አውቶውን ስልኩን ከካርቶን እንዳወጣው ነው ያጠፋው፣ «ራሱ እየቀነሰ ያስቸግረኛል» ብሎ፣ ሥራውን ስለሠራ ተባረረ ማለት ነው።

ዳርክ ሞድማ አለው! ባትሪ ይቆጥባል ሲሉ ሰምቷል። ኦሌድ ስክሪን ላይ እውነት ነው፣ ጥቁር የሆነው ፒክስል ይጠፋል፣ የሱ ስልክ ግን ኤልሲዲ ነው፣ ገጹ ጠቆረም ነጣ ከኋላ ያለው መብራት እንደበራ ነው። ባትሪው በዛው ፍጥነት ይወርዳል፣ እሱ ደግሞ «ዳርክ አድርጌዋለሁ እኮ» እያለ ህሊናው ንጹህ ነው።

ስክሪን ታይምአውቱ፣ ስልኩ ሳይነካ በርቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 30 ደቂቃ። 15 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ የሚሉትን ለስስታሞች ትቷቸዋል። አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ዓሣውን ሲበላ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንጋሎ ጣራውን ያበራል፣ ማንም አያየውም፣ ቢሆንም ይበራል።

ደግሞ ግልጽነቱ! ዓይኑ ምንም አልሆነም፣ ግን ፎንቱን እስከ መጨረሻው አሳድጎታል፣ ባጃጅ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡት እትዬ መነጽር ሳያወጡ የሚስቱን መልእክት አንብበው ጨርሰው፣ ሊወርድ ሲል «ልጄ፣ ዘይቱን እንዳትረሳ፣ ባለፈውም ረስተህ ተናዳብሃለች» ይሉታል። የሰፈር ሰው በሙሉ ቤተሰብ የሆነው እንዲህ ነው እንጂ በስብሰባ አይደለም።

ታዲያ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ባትሪው ቀይ ይሆናል። ካፌ ሲገባ ከማኪያቶው በፊት ሶኬት ነው የሚፈልገው፣ የጁስ መፍጫውን ነቅሎ የራሱን ይሰካል፣ ቻርጀር ከሌለው «ወንድሜ ታይፕ ሲ አለህ?» እያለ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። ሴቲንግ ገብቶ ባትሪውን ማን እንደጨረሰው ቢያይ እላይ የተቀመጠው ስክሪኑ ነው፣ እሱ ግን ባትሪው ሞቷል ብሎ ወስኗል፣ ስለዚህ ሰሪ ጋ ወስዶ አስቀየረው። ልጁ አዲሱን ባትሪ ከቶ፣ ስልኩን አብርቶ፣ ብራይትነሱን መሃል ላይ አድርጎ ሰጠው።

«ምነው ደበዘዘ? ስክሪኑንም ነካክተህብኛል እንዴ?» አለና እስከ ጥግ ገፋው።