ውዳሴ ዘተንታኝ

ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በ2018 ዓ.ም. ይካሄዳል ከተባለ ጀምሮ አንድ ትልቅ ሸክም ከትከሻችን ወርዶልናል፤ ምን እንደምንጠይቅ ማሰብ ቀርቶልናል። ዕጩ ሳይቀርብ፣ ጣቢያ ሳይከፈት፣ መዝገብ ሳይገለጥ የምርጫው ዋና ዋና ጉዳዮች ምን ምን እንደሚሆኑ ተንታኞቻችን ተንብየው ጨርሰዋል። ከእኛ የሚጠበቀው የተባለውን ጥያቄ ይዞ በተባለው ቀን መሰለፍ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ውለታ ያለ አንድ የምስጋና ቃል ቢታለፍ ነውር ነውና እነሆ ውዳሴያቸውን ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጽናታቸው። የቴሌቪዥን ውይይት ሲተላለፍ ጠረጴዛውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዝቅ ያለ የመስታወት ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሦስት የታሸጉ የውሃ ጠርሙሶች። ውይይቱ ሲያልቅም ጠርሙሶቹ እንደታሸጉ ናቸው። ስለ አገር ዕጣ ፈንታ አንድ ሰዓት ተኩል ተናግሮ ጉሮሮው የማይደርቅ ሰው ምን ዓይነት ፀጋ ቢታደል ነው! አዘጋጁ ጥያቄውን ያነሣል፤ ጥያቄው አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። በመጨረሻ "ከዚህ አንፃር እንዴት ያዩታል?" ይላል። እንግዳው ጣቶቹን ያቆላልፋል፣ ወደ ጣሪያው ትንሽ ያንጋጥጣል፣ "ይህን ጉዳይ ከተለያዩ ማዕዘናት ማየት ያስፈልጋል" ይላል። ማዕዘናቱ የታወቁ ናቸው፤ ሰላምና ጸጥታ፣ የኑሮ ውድነት፣ ሥራ አጥነት፣ የማንነትና የወሰን ጥያቄ፣ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አይሻሻል፣ የባሕር በር። እነዚህን ስድስቱን የጠራ ሰው ተሳስቶ አያውቅም፤ ልሳሳት ቢልም አይችልም። ከስድስቱ ያመለጠ ነገር ቢኖር እንኳ "እንደ ነባራዊው ሁኔታ" የምትለው ሐረግ ከኋላ ሆና ትለቅመዋለች።

የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቀመር የሚያሰሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን፣ መጥቅዕና አበቅቴውን አስልተው ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው፣ ነነዌ በዚህ ቀን ትገባለች፣ ፋሲካ በዚህ ቀን ይውላል ይሉናል። ቀኑ ሲደርስም እንዳሉት ይሆናል። ለዚህም ነው ማንም ቴሌቪዥን ላይ የማይጠራቸው። የምርጫ ተንታኝ ግን በሳተ ቁጥር ወንበሩ እየተመቸው፣ ማዕረጉ እየረዘመ ይሄዳል። ትናንት "መምህር" የነበረው ዛሬ "አንጋፋ የፖለቲካ ተንታኝና የግጭት አፈታት ባለሙያ" ነው፤ ስሙ ከስክሪኑ ግርጌ ላይ አልበቃ ብሎ ሁለት መስመር ይይዛል።

ስለ መሳት ካነሣን የ1997ቱን ማለፍ ግፍ ነው። ያን ጊዜ በቴሌቪዥን ክርክር ነበረ፤ መሬት ይሸጥ አይሸጥ፣ የመገንጠል መብትን የያዘው አንቀጽ 39፣ የአሰብ ወደብ። ዝርዝሩ የተሟላ ነበር። አዋቂዎቹ፣ ዲፕሎማቶቹም ጭምር፣ ገዥው ግንባር ኢሕአዴግ ብዙ ሳይቸገር እንደሚያሸንፍ ያምኑ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቀለቀ፤ ሕዝቡም "ሱናሚ" ብሎ ስም አወጣለት። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ፤ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱ ለተቃዋሚው ለቅንጅት ሆኑ። ከዚያ በኋላ መሬትን የሚያነሣ፣ አሰብን የሚያስታውስ ጠፋ። ከዳር እስከ ዳር የተጠየቀው "ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል ወይ?" የሚለው ብቻ ሆነ። በዚህ ጥያቄ ሳቢያ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተከተለው ግጭት የሞቱትን ሰላማዊ ሰዎች አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ብሎ ቆጥሯቸዋል። እዚህ ላይ ሽሙጤን ገታ አድርጌ አልፋለሁ።

ቀጥለው የመጡት ሁለት ምርጫዎች ለትንታኔ እጅግ የተመቹ ነበሩ። በ2002 ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ፣ በ2007 ደግሞ 547ቱም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ገቡ። አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀበት ምርጫ ጉዳዩን ለሚተነብይ ሰው ሙሉ ነፃነት ይሰጣል፤ ያሻውን ቢናገር ከልካይም አራሚም የለበትም። ስለዚህ በ2007 መልካም አስተዳደር ተባለ፣ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተባለ፣ የወጣቶች ሥራ ፈጠራ ተባለ። ምርጫው ካለፈ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያመጣው ቁጣ ነበር። ዕቅዱ በጥር ቢሰረዝም ቁጣው አልበረደም። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሆን የተነበየ ካለ እጁን ያውጣ፤ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

የክብራቸው ጫፍ ግን 2012 ነው። ለነሐሴ 23 ምርጫ ስድስቱ ማዕዘናት ተጠርበው፣ ተስተካክለው ቀርበው ነበር። መጋቢት 22 ቀን ምርጫ ቦርድ በኮሮና ምክንያት በታቀደው ጊዜ ምርጫውን ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን "ቫይረሱን አላሰብኩትም ነበር" ብሎ አንገቱን ይደፋል። የእኛዎቹ ግን በአንድ ሌሊት የሕገ መንግሥት ሊቅ ሆነው አደሩ። ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ትርጉም መጠየቅ የተባሉትን አራት አማራጮች በጣታቸው እየቆጠሩ አስተማሩን። ትናንት ሥራ አጥነትን የተነበየው ዛሬ ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚደነግገውን አንቀጽ 93ን በቃሉ ያነበንባል፤ በሳምንቱ ደግሞ ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስረዳል። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዕድሜ አራዘመ፤ ጳጉሜን 4 ትግራይ የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት ሆነ። አገር አቀፉ ምርጫ ወደ ግንቦት 28፣ ከዚያም ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተገፋ። ቀኑም ሲደርስ ትግራይ አልመረጠችም፤ ሶማሌና ሐረሪ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ጠበቁ። በሰኔው ድምፅ ገዥው ፓርቲ ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወሰደ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳየው የተንታኞቻችን ትልቁ ጨዋነት ይገባኛል። ከ1997 ጀምሮ በየምርጫው አገር ያወራው ስለ ምርጫው ስለ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ተቆጥሯል ወይ፣ አንድ ጊዜ ተፎካካሪ አለ ወይ፣ አንድ ጊዜ መቼ ነው፣ አንድ ጊዜ የት የት ነው። ይህን ሰባተኛ ማዕዘን ዝርዝራቸው ውስጥ አያስገቡትም። ይሉኝታ አላቸው፤ የጋበዛቸውን ጣቢያ ማሳፈር አይፈልጉም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተጀመረበት ከ2015 ወዲህ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ወረዳ ስንት ነው? የምርጫ ጣቢያውስ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው የት ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጨለምተኛ ይባላል። ተንታኙ ግን "በክልሉ የሰላም ጉዳይ ቀዳሚ አጀንዳ ይሆናል" ብሎ በሰላም ያልፋል፤ መራጩ እንደ ሙሽራዋ "ካልታዘልኩ አላምንም" ብሎ ይጠብቃል።

ደግሞ ሁሉን በአንድ ቋት መክተታቸው ይደነቃል። በሕጋችን እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ለብቻው ነው፤ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ይበልጥ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ስለዚህ 547 ትንንሽ ምርጫዎች አሉ ማለት ነው። ቦረና ላይ ዝናብ ቀርቶ ከብት ያለቀበት አርብቶ አደር፣ ጎጃም ላይ ማዳበሪያ በሰዓቱ ያልደረሰለት ገበሬ፣ መርካቶ ላይ በደረሰኝ ቁጥጥር የተማረረ ነጋዴ ስለ አንድ ዓይነት ምርጫ አያስቡም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ይህም ቢሆን ለቡና ላኪውና ለጡረተኛው የሚናገረው ለየቅል ነው። ተንታኙ ሁሉንም "የኑሮ ውድነት" በሚል አንድ ጆንያ ከትቶ አፉን ይሰፋዋል። 547 ቦታ መዞር ለጤናም ጥሩ አይደለም።

የሚዞሩ ካልመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል፤ ሆቴል ይዞራሉ። ዐውደ ጥናት የገባ ያውቀዋል። ከግድግዳው ላይ ባነር፣ በየወንበሩ ላይ ብዕርና ማስታወሻ ደብተር ያለበት አቃፊ፣ አቃፊው ውስጥም "የሚጠበቁ ውጤቶች" የሚል ገጽ አለ። ተሳታፊዎች በቡድን ይከፈላሉ፤ በቡድን ተወያይተው የምርጫውን ቁልፍ ጉዳዮች በትልቁ ወረቀት ላይ በማርከር እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። ቡድን አንድ ስድስቱን ይጽፋል። ቡድን ሁለት "የቡድን አንድን ሐሳብ እንጋራለን" ይላል። ቡድን ሦስት ማርከሩ ደርቆበት ነው እንጂ ይጽፍ ነበር። ከሻይ እረፍት በኋላ ውጤቱ ይነበባል፤ አቃፊው ውስጥ ከተጠበቀው ጋር አንድ ነው! ሁሉም ያጨበጭባል፣ አበሉን ይፈርማል።

ከእንዲህ ያለው ዐውደ ጥናት ወጥቼ ስሄድ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩትን እናት እንደ ቀልድ ጠየቅኋቸው። "እማማ፣ በዘንድሮ ምርጫ ዋናው ጉዳይ ምን ይመስልዎታል?"

ሽንኩርቱን እየደረደሩ ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ላከህ ልጄ?"

"ማንም አልላከኝም፤ እንዲያው ለማወቅ ነው።"

"ለማወቅ?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የተመረጠው ሰውዬ ደንብ አስከባሪዎቹን ጠዋት ጠዋት እንዳይመጡ ይነግርልኛል? ከሰዓት ቢመጡ ግድ የለኝም፤ ያን ጊዜ ሸጬ ጨርሻለሁ።"

ይህን መልስ ለአንዱ ተንታኝ ነገርሁት። "ኢ-መደበኛ የከተማ ኢኮኖሚ" ብሎ ጻፈውና ሥራ አጥነት ከሚለው ሥር አስገባው። እማማ ሥራ አጥ አለመሆናቸውን፣ እንዲያውም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው አትክልት ተራ የሚወርዱ ሠራተኛ መሆናቸውን ለማስረዳት ሞከርሁ። "እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው" አለኝ።

ከባሕር ማዶ ያሉትን ብረሳቸው ይቀየሙኛል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ተቀምጠው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቀጥታ ሥርጭት የሚተነብዩ ወገኖቻችን አሉ። ስለ እያንዳንዱ ወረዳ ያውቃሉ፤ የወረዳው ሊቀ መንበር ስለ ራሱ ከሚያውቀው በላይ ያውቃሉ። እነርሱ በሚኖሩበት አገር ደግሞ የኢትዮጵያ ምርጫ ጣቢያ አይከፈትም። የማይመርጥ ሰው ሌላው ለምን እንደሚመርጥ ቢነግረው ከየትኛውም ወገንተኝነት የጸዳ ነው። በዚህ በኩል ከአገር ቤቶቹ ይልቃሉ፤ የአገር ቤቱ ተንታኝ ቢያንስ ካርድ ለማውጣት ይፈተናል።

አንዳንድ ምቀኛ "ከመተንበያችሁ በፊት ለምን ሕዝቡን አትጠይቁትም?" ይላል። ሌሎች አገሮች በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ፣ በር እያንኳኩ መራጩን የሚያስቸግሩት ተንታኝ ስላነሳቸው ነው። እኛ ግን ሳንጠየቅ የሚታወቅልን ሕዝብ ነን። ደግሞስ መጠየቅ ቢጀመር፣ ሰዉ ሁሉ እንደ እማማ "ማን ላከህ?" ማለት ቢጀምር፣ ስንት ዐውደ ጥናት ሊታጠፍ ነው? ሆቴሎቹስ ምን ይዋጣቸው?

ለነገሩ ሥራው ቆሞ አይጠብቅም። ከመካከላቸው ፈጣን የሆነው አንዱ ሰባተኛውን ከወዲሁ "ያለቀ ጉዳይ" ብሎ ትቶታል፤ በ2023 ይሆናል ብሎ ያሰበው የስምንተኛው ምርጫ ዋና ዋና ጉዳዮች ምን እንደሆኑ የሚገልጽ ጽሑፍ እያዘጋጀ መሆኑን ነግሮኛል። ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅሁት። ለጊዜው ስድስት መሆናቸውን፣ ነገር ግን እንደ ነባራዊው ሁኔታ ሊታይ እንደሚችል አስረዳኝ።