ስልክ ነው የገዛችሁት ወይስ ካርቶን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምትቀየሙኝ ተቀየሙኝ፣ ግን ስሙኝ። የእኔና የእናንተ ገንዘብ ትንሽ ነው። ትንሽ ገንዘብ ደግሞ ስህተት አይችልም። ባለጸጋው ቀሽም ስልክ ቢገዛ በሳምንቱ ይቀይረዋል። እኛ ግን የተሸወድንበትን ስልክ ታቅፈን ሁለት ዓመት እንከርማለን፣ ጠዋት ማታ እየረገምነው።

ታዲያ መጠንቀቅ ያለብን እኛ ሆነን ሳለ፣ ዓይናችንን ጨፍነን የምንገዛውም እኛው ነን። ጫማ ስንገዛ እንለካለን፣ እናጥፈዋለን፣ ወዲያ ወዲህ እንራመድበታለን። ስልክ ላይ ስንደርስ ካርቶኑን እናነባለን፣ ጀርባውን ገልብጠን ካሜራ እንቆጥራለን፣ እንከፍላለን። በቃ። በሦስተኛው ወር "ስልኬ ሃንግ አደረገብኝ" የሚል እሮሮ ይጀመራል።

እስቲ ከዚያው ከካሜራው ልነሳ። ሦስት ክብ ያለው ስልክ አንድ ክብ ካለው ይሻላል ያላችሁ ማን ነው? ርካሽ ስልክ ላይ ሥራ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት "ማክሮ" (በጣም ቅርብ ለሆነ ነገር) እና "ዴፕዝ" (ርቀት ለክቶ ጀርባውን ለማደብዘዝ) የሚባሉ ባለ 2 ሜጋፒክስል ማሟያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ካሜራ እኮ 2 ሜጋፒክስል ነበር። ያን የሚያህል ነገር ነው ዛሬ "ሦስተኛ ካሜራ" ተብሎ የሚሸጥላችሁ። አንዳንዱ ክብማ ጭራሽ ካሜራም አይደለም፤ ወይ መብራት ነው ወይ ጌጥ። 50 ሜጋፒክስል የሚባለውም ቢሆን አራት አራት ነጥቡን እያዋሃደ 12 ሜጋፒክስል ገደማ የሆነ ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ። ይህ በራሱ ነውር የለውም፣ ውድ ስልኮችም ያደርጉታል። ነውሩ ቁጥር አይቶ መግዛታችን ነው። ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጉ። እጁን የሚያወዛውዝ ሰው አንሱ። ፎቶውን አሳድጋችሁ ጣቶቹን ቁጠሩ። ጣት ካልለየ፣ ሜጋፒክስሉ 50 ሆነ 500 ምን ሊረባችሁ?

ከካሜራው የባሰው ራም ላይ፣ ማለትም ስልኩ የከፈታችሁትን አፕ ይዞ በሚሠራበት ፈጣን ሚሞሪ ላይ፣ ያለው ጨዋታ ነው። ካርቶኑ በትልቁ "16 ጊጋ ራም" ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ "8+8" የሚል አለ። የመጀመሪያው 8 ራም ነው። ሁለተኛው ፎቶና አፕ ከሚቀመጥበት ከስቶሬጁ ላይ የተቆረሰ ቦታ ነው፤ ራም የሚል ስም ወጣለት እንጂ። ስቶሬጅ ደግሞ ከራም በእጅጉ ይዘገያል። ጠረጴዛው ለጠበበው ሰው "ጓዳ ውስጥ መደርደሪያ አለልህ" እንደማለት ነው። ዕቃ ይይዛል፣ ግን በየደቂቃው ተነስቶ መመላለስ አለ። ስለዚህ ስትጠይቁ "ያለ ጭማሪው ስንት ነው?" በሉ።

አሁን ካርቶን ላይ ወደማይጻፈው ነገር እንምጣ። ሁለት ስልኮች እኩል 128 ጊጋ ሆነው አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ኤሊ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚለያቸው የስቶሬጁ ዓይነት ነው። ርካሾቹ ላይ ኢኤምኤምሲ የሚባለው አሮጌው ይገጠማል። የተሻለው ዩኤፍኤስ ይባላል። ኢኤምኤምሲ በአንድ ጊዜ ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ዩኤፍኤስ ይችላል። አፕ እያወረዳችሁ ሰው ይደውላል እንበል። ስልኩ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ፈዞ ይቀራል። ማንሻው ሲመጣ ደዋዩ ዘግቷል። ያን ጊዜ ኔትወርኩን ትሳደባላችሁ። ኔትወርኩ ምን አደረገ? ስቶሬጁ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። ባለ 64 ጊጋ ስልክ ላይ ሲስተሙ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ15 ጊጋ በላይ ይወስዳል፣ የቀረውን ቴሌግራም ይጨርሰዋል። የሞዴሉን ስም ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉ የስቶሬጁ ዓይነት በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ያችን አንድ ደቂቃ ነው የምንሰስታት።

የፕሮሰሰሩን፣ የስልኩን አንጎል፣ ነገር ባጭሩ ልለፈው። አዲስ ስም አዲስ ዕቃ ማለት አይደለም። የፕሮሰሰር አምራቹ ሚዲያቴክ ሄሊዮ ጂ99 የሚባለውን በ2022 (እ.ኤ.አ.) አወጣ፣ በ2024 ደግሞ ጂ100ን። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የ6 ናኖሜትር አሠራር የተሠሩ ናቸው፣ ውስጣቸው ያው ነው ማለት ይቻላል። ዋናው ልዩነት አዲሱ እስከ 200 ሜጋፒክስል ካሜራ መቻሉ ነው። ጂ99 ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም በርካሾቹ ተርታ ደህና ነው። ግን ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

እና አንድም ሰው ሲጠይቅ ሰምቼው የማላውቀው ጥያቄ አለ። ይህ ስልክ እስከ መቼ አፕዴት ያገኛል? አፕዴት የሌለው አንድሮይድ የተገኘበት የደህንነት ቀዳዳ አይደፈንም። ውሎ አድሮ የባንክ አፑም ዋትስአፑም "ስልክህ አርጅቷል" ይለዋል። ስልኩ ገና አልተጫረም፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ግን ሞቷል። ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ ስልክ ሁለት እጅ፣ ሌላው ሦስት እጅ ዋጋ ቢኖራቸው፣ የመጀመሪያው ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛው አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ ርካሹ የትኛው ነው? ረጅም ዕድሜ ደግሞ የውድ ስልክ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ሳምሰንግ በ2024 ጋላክሲ ኤ16ን ሲያወጣ፣ ያን ርካሽ ስልክ፣ የ6 ዓመት አፕዴት ነው ቃል የገባለት። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምራቾችን በሕግ ይዟል። ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት የሲስተም አፕዴት መስጠት አለባቸው፣ ባትሪውም 800 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ከአቅሙ ቢያንስ 80 በመቶውን መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። አምራቹ በራሱ ቃል "6 ዓመት" ሲል ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም፤ ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ቀን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ስልክ ዛሬ ከነላስቲኩ ብትገዙት ከዕድሜው ግማሹ አልቋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመጨረሻው የሴኩሪቲ ፓች (የደህንነት ቀዳዳ መድፈኛ አፕዴት) ቀን መቼ እንደሆነ እዩ። ያለውን አፕዴት ካወረዳችሁም በኋላ ቀኑ ዓመት ካለፈው፣ አምራቹ ረስቶታል።

ስለ ቻርጀሩም አንድ ቃል። ካርቶኑ ላይ "33 ዋት" ሲል ስልኩ በዚያ ፍጥነት ቻርጅ መደረግ ይችላል ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቻርጀር 10 ዋት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ከፍታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ እኔም ጻድቅ አይደለሁም። አንድ ጊዜ የታወቀ ስም ያለው ስልክ፣ 256 ጊጋ፣ ከዋጋው በብዙ ወርዶ አገኘሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አየሁ፣ 256 ይላል። ገዛሁት። ሁለት ወር በሰላም ሠራ። ከዚያ ፎቶዎቼ አንድ በአንድ ግራጫ መሆን ጀመሩ። ስትነካቸው አይከፈቱም። ከእነሱ መካከል የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ የሄደችበት ቪዲዮ ነበር። ስሙ ይታያል፣ ሰዓቱ ይታያል፣ እሷ የለችም። ጠጋኝ ጋ ስወስደው ሳቀብኝ። ፎርጅድ ነበር። ትክክለኛው ሚሞሪ 16 ጊጋ ነው። 256 የሚለው ሲስተሙ ላይ የተጻፈ ውሸት ነበር። እሱ ሞልቶ ሲያልቅ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እያጠፋ ይጻፋል። ሻጩን ብወቅሰውም፣ "ይህ ዋጋ እንዴት ሆነ?" ብሎ አለመጠየቅ የኔ ሥራ ነበር።

ይህን የምላችሁ ያገለገለ ስልክ አትግዙ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ከቀሽም አዲስ ስልክ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ደህና ስልክ እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜ ካሜራው ይበልጣል፣ ስቶሬጁም ይፈጥናል፣ ባትሪ ብቻ ይቀየርለታል። የባትሪውን ወጪ አስቀድማችሁ ከዋጋው ጋር ደምሩት። አካውንቱ ግን ቀልድ የለውም። አይፎን ከ2013፣ አንድሮይድ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀድሞው ባለቤት አካውንት ይቆለፋሉ። ፎርማት ብታደርጉትም ቁልፉ አይወልቅም። ባለቤቱ እዚያው ፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ፎርማት ይደረግ፣ እንደገና በርቶ እስከ መጨረሻው ይሂድ። "ቤት ስትደርስ የይለፍ ቃሉን እልክልሃለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን መልሱለት። ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል (*#06#) ብላችሁ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ስክሪኑን ነጭና ግራጫ ምስል ከፍታችሁ እዩ፣ የቀድሞ ባለቤቱ የቁልፍ ሰሌዳ ጥላው ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። ስልኩ ከሌላ አገር ከመጣ ሲማችሁን ከትታችሁ ከሱቁ ውጡና ኢንተርኔት ክፈቱ፣ የአራተኛው ትውልድ (4ጂ) ኔትወርክ ሞገዱ ከእኛው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ባለፈው ለአንድ ዘመዴ ስልክ ለመግዛት አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ስልኩን አወጣ፣ ዘመዴ ኪሱ ገባ። "ቆይ" አልኩት። ትልልቅ ቪዲዮዎች የሞላ ፍላሽ ይዤ ነበር የሄድኩት። ስልኩ ላይ ሰካሁትና እስኪሞላ መገልበጥ ጀመርኩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ። ሻጩ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። "ወንድም፣ ገዢ ነህ ወይስ መርማሪ?" አለኝ። ዘመዴ አፈረብኝ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። 38 በመቶ ላይ ነበር።