ታፖውን የበላው ዝገት አይደለም

የዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ቤት) ዘይት መቀየር ከመኪና ጥገና ሥራዎች ሁሉ ከቀላሎቹ አንዱ ሊሆን ይገባው ነበር። ከላይ አንድ የመሙያ ታፖ (ቀዳዳውን የሚደፍን ብሎን)፣ ከታች አንድ የማፍሰሻ ታፖ አለ፤ ሁለቱን ፈትቶ አሮጌውን ዘይት ማውረድ፣ አዲሱን እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ መሙላትና መልሶ ማሰር ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለበትም። ይህ ቀላል ሥራ ወደ መዶሻና ወደ ብየዳ የሚለወጠው ግን ከእኛ በፊት መኪናው ሥር ተኝቶ የነበረ አንድ ሰው የታፖውን ራስ በልቶት፣ ማለትም ቁልፍ የሚይዝባቸውን ማዕዘኖች ልጦ፣ ስለሄደ ነው። ብሶቴም በዚህ ሰው ላይ ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የእጁን ሥራ ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ፎር ዊል መኪና ያለው ሰው ይህን መከራ ከሌላው አሽከርካሪ እጥፍ ድርብ ይቀምሰዋል። የኋላ ዲፈረንሻል አለ፣ የፊት ዲፈረንሻል አለ፣ በመካከል ኃይሉን ለሁለቱ የሚያካፍለው ትራንስፈር አለ፤ እያንዳንዳቸው መሙያና ማፍሰሻ ሲኖራቸው፣ ካምቢዮውን ሳንቆጥር እንኳ ስድስት ታፖ ይሆናል። ሁሉም ለመሬት ቅርብ ናቸው፤ ጭቃ ይለጠፍባቸዋል፣ ውኃ ይደርስባቸዋል፣ ማፍሰሻዎቹን ደግሞ ድንጋይ ይመታቸዋል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ መኪናው የተሠራው ለዚያ ነውና ድንጋይ መታው ብዬ አላማርርም። የማልቀበለው የሰው እጅ ያደረሰው ጉዳት ሁሉ በዝገትና በመንገድ ሲሳበብ ነው።

ዝገት ብረትን የሚበላው ከየአቅጣጫው ነው፤ የሰው እጅ ግን አቅጣጫ አለው። የስድስቱ ማዕዘኖች ጠርዝ በመፍቻው አቅጣጫ ብቻ ተልጦ ከተገኘ አንድ ሰው ሊፈታው ሞክሮ አቅቶታል ማለት ነው፤ በማሰሪያው አቅጣጫ ከተላጠ ደግሞ ከልክ በላይ አጥብቆታል ማለት ነው። እኔን የገጠመኝ የኋላው መሙያ ታፖ በመፍቻው አቅጣጫ ስድስቱም ጠርዝ የተላጠ፣ በአንድ በኩል የቧንቧ ቁልፍ የነከሰው፣ በሌላው በኩል በመሮ የተጠረበ ነበር። ከመኪናው ጋር የተረከብኩት የጥገና ወረቀት ግን የዲፈረንሻሉ ዘይት መቀየሩን ያለ አንዳች ኀፍረት ይመሰክራል። መሙያው ሳይፈታ አዲሱ ዘይት በየት በኩል ገባ? ታፖው በመጨረሻ ሲከፈት የወጣው ዘይት ነጣ ብሎ የደፈረሰ፣ ውኃ የተቀላቀለበት ዘይት ነበር። የጋለ ዲፈረንሻል ውኃ ውስጥ ሲገባ በሆዱ ያለው አየር ድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ደግሞ ውኃውን በፓራዮሊዮው (ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት) በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። እንዲህ ያለው ዘይት ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። ስለዚህ ታፖውን በልቶ ዝም ያለው ሰው ያበላሸው አንድ ብሎን ብቻ አይደለም፤ ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ) እና የማርሹን ጥርስ ጭምር ለዝገት አሳልፎ ሰጥቷል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ልክ ባልሆነ ቁልፍ ነው። በብዙ የላንድክሩዘር ሞዴሎች የዲፈረንሻሉ ታፖ በ24 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የሚፈታ ነው፤ በአንዳንድ የሂሉክስ ሞዴሎች የፊተኛው ዲፈረንሻል ታፖ 10 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ) የሚገባበት ነው፤ የቀድሞዎቹ ኒሳን ፓትሮሎች ደግሞ ግማሽ ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ስላላቸው የቡሶላ (በብሎን ራስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቅ ቁልፍ) ማራዘሚያው ራሱ ይገባባቸዋል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጎንበስ ብሎ ማየትና መለካት ብቻ ነው። ነገር ግን 24ቱ ከእጅ ከራቀ 25ቱ ይነሣል፤ አለን ቁልፉ ግማሽ ድረስ ብቻ ሲገባ ጉድጓዱ በደረቀ ጭቃ መሞላቱን የሚጠረጥር የለም፤ በሁለት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሞ መጠምዘዝ ይጀመራል። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ቡሶላ የሚያርፈው በጠርዙ ላይ እንጂ በጎኑ ላይ ስላልሆነ፣ ለጠበቀ ታፖ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ብቻ እንደሚያስፈልግ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። አውቆ ግን አያደርገውም።

እዚህ ላይ አምራቾቹንም ሳልወቅስ አላልፍም። የአንዳንዱ ታፖ ራስ እጅግ አጭር ከመሆኑ የተነሣ ቁልፍ የሚይዝበት በቂ ሥጋ የለውም። ቡሶላዎች ደግሞ በቀላሉ እንዲገቡ ሲባል አፋቸው በውስጥ በኩል ዘወር ተደርጎ የተሞረደ ስለሆነ፣ ከዚያች አጭር ራስ ላይ የሚይዙት ከግማሽ በታች ይሆናል። እኔ የቡሶላዬን አፍ በሞላ አስልቼ ጠፍጣፋ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጤነኛ ታፖ አላንሸራተተም። አንድን መሣሪያ ለአንድ ሥራ ብሎ መሠዋት የሚቆጨው ሰው የተበላ ታፖ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ከቁልፉ የባሰው ግን የማጥበቅ አባዜ ነው። ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያደርገው በታፖውና በአካሉ መካከል የምትገባው ቀጭን ሮንዴላ እንጂ የአጥባቂው ጡንቻ አይደለም። በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች የኋላ ዲፈረንሻል ታፖ የሚታሰርበት ልክ 49 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ16 እስከ 17 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል መጫን ነው፤ ለአዋቂ ሰው በአንድ እጅ የሚበቃ ሥራ ነው። በቁልፉ ላይ አንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቶ 60 ኪሎ ክብደቱን የሚጥልበት ሰው ግን ወደ 590 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም ከተፈቀደው አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል እየጫነ ነው። ከዚያም ተነሥቶ እጁን እየጠረገ «አሁን አይፈስም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አይፈስም፣ አይፈታምም። ጥርሳቸው (የብሎኑ ጥምዝ) እየሾጠጠ በሚሄድ ታፖዎች ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ እነዚህ ሲጠብቁ እንደ ሽብልቅ ስለሚሠሩ አካሉን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳሉ። የፊተኛው ዲፈረንሻል አካል አሉሚኒየም ከሆነና ታፖው ብረት ከሆነም፣ ሁለቱ የተለያዩ ማዕድናት በእርጥበት ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እየበላ በመጨረሻ ይጣበቃሉ፤ እዚያ ላይ ጉልበት የሚያወጣው ታፖውን ሳይሆን የአካሉን ጥርስ ነው።

ሌላው የሚያበግነኝ ነገር ማፍሰሻውን አስቀድሞ የመፍታት ልማድ ነው። መሙያው እንደሚፈታ ሳይረጋገጥ ማፍሰሻው አይነካም፤ ይህ ሕግ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ዘይቱ ወርዶ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው ቆሞ ይቀራል። ያኔ ሰው በመተንፈሻው ቀዳዳ በቀጭን ቱቦ ዘይት ጠብ ጠብ ለማድረግ ይገደዳል፤ ልኩ ደርሶ እንደሆነ የሚያሳየው መሙያው ታፖ ራሱ ስለሆነ ደግሞ የገባውን በሊትር ከመቁጠር በቀር ምንም ማረጋገጫ የለውም። ማፍሰሻውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው የሚፈታው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው፤ ከጎን ተንጋሎ እጁን በጭፍን የሚሰድ ሰው ግን አቅጣጫው እየተምታታበት ሊፈታ የመጣውን ታፖ የሚያጠብቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የተበላውን ታፖ ለማውጣት የሚያስፈልገው ከጉልበት ይልቅ ቅደም ተከተል ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ጎማው ታግዶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። ታፖው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ዝገት አስለቃቂ ዘይት ተረጭቶበት ያድራል፣ በማግስቱ ራሱ ላይ በመዶሻ ቀጥ ተደርጎ ይመታል፤ ምቱ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ዝገት ስለሚሰነጣጥቀው ብዙ ጊዜ ግማሹ ሥራ በዚህ ያልቃል። ቀጥሎ ወደ ማሰሪያው አቅጣጫ ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መመለስ ነው። ይህ ካልሆነ በውስጡ ጠመዝማዛ ስለት ያለውን የተበላ ብሎን ማውጫ ቡሶላ በመዶሻ ማስገባት ይቻላል፤ ጉድጓድ ያለው የአለን ታፖ ከሆነም በጥቂቱ ተለቅ የሚል ባለ ኮከብ ቁልፍ እየተመታ ሲገባ አዲስ መያዣ ያበጃል። የእኔው ለዚህ ሁሉ አልተበገረም። የተፈታው ትልቅ ዳዶ በራሱ ላይ ተበይዶበት ነው፤ የብየዳው ሙቀት ታፖውን ካሰፋው በኋላ ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚያኮማትረው ከዝገቱ ይላቀቃል፣ ዳዶው ደግሞ ንጹሕ ስድስት ማዕዘን ይሰጣል። ባትሪው ሳይነቀል፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከታፖው አጠገብ ሳይታሰር፣ እሳት ማጥፊያ በቅርብ ሳይኖር ግን ይህን ማድረግ እብደት ነው። ገመዱ ርቆ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ በኩል አልፎ ያቃጥላቸዋል፤ በውስጥ ያለው ዘይትና ትነቱም እሳት ሊይዝ ይችላል።

«ሰርስረህ አውጣው» የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ መካሪዎቹ የብረቱ ፍቅፋቂ የት እንደሚወድቅ ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሚወድቀው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፤ ከዚያም በዘይቱ እየተንሳፈፈ ኩሽኔታውን ይፈጫል። ከኋላ በብሎን የታሰረ ክዳን ያለው ዲፈረንሻል ከሆነ ክዳኑን ከፍቶ ማጠብ ይቻላል። ክዳን የሌለው፣ የውስጥ ዕቃው ከፊት ለፊት የሚወጣው ዓይነት ከሆነ ግን መሰርሰሪያውን ግራሶ እየቀቡ ፍቅፋቂውን መያዝና ኋላ በማግኔት መልቀም ብቻ ነው የሚቀረው፤ እርሱም ሁሉንም ለመያዙ ዋስትና የለውም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ደሜን ወደሚያፈላው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ መከራ አይተው ያወጡትን ታፖ መልሰው እዚያው የሚያስሩት ሰዎች አሉ! ራሱ ተልጦ፣ ቁልፍ እንቢ ብሎ፣ በመሮ ተጠርቦ የወጣውን ታፖ ጠርገው፣ አሮጌውን ሮንዴላ እንኳ ሳይለውጡ፣ እንደገና በቧንቧ ቁልፍ ያጠብቁታል። ከአንድ ዲፈረንሻል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አዲስ ታፖና ሮንዴላ ከምንም የማይቆጠር ወጪ ነው። የአካሉ ጥርስ ተበልቶ ሲገኝም መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ታፖው ላይ ክር ይጠመጠማል፣ ሲሊኮን ይቀባል። ሲሊኮን የተበላ ጥርስን አይተካም። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ጥርሱን በልኩ ጥርስ ማውጫ ማጽዳት ይበቃል፤ ከከፋ ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ መክተት ወይም ተለቅ ያለ ታፖ መግጠም ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ዘይቱ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል፤ ዲፈረንሻል ደግሞ የዘይት መብራት ስለሌለው ባለቤቱ ችግሩን የሚሰማው ማርሾቹ መጮህ ሲጀምሩ ነው።

እኔ በአሮጌው ፋንታ የገጠምኩት ታፖ በአዲስ ሮንዴላ፣ በተጸዳ ጥርስ ላይ፣ በልክ መለኪያ ቁልፍ ታስሯል። የማፍሰሻው ማግኔት ላይ ያገኘሁት እንደ አመድ የላመ ጥቁር የብረት ጭቃ ነበር፤ እርሱ የተለመደ ነው፣ የሚያስፈራው የማርሽ ጥርስ ስባሪ ቢገኝ ነበር። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ጂኤል-5 የጥራት ደረጃና 80ደብሊው-90 ውፍረት ያለው የማርሽ ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ እስኪተርፍ ድረስ ተሞልቷል። የኋላው በዚሁ አልቋል። የትራንስፈሩ መሙያ ግን ሁለት ማዕዘኑ ተልጦ ስላገኘሁት ዝገት አስለቃቂ ረጭቼበት አድሯል፤ ምትክ ታፖውና ሮንዴላው ከወዲሁ ተገዝተው ተቀምጠዋል፣ የብየዳ ባለሙያውም ሊያስፈልግ እንደሚችል ተነግሮታል።